በአደራ የቀረ ፈቃድ

አየሁሽ በሌላ ሰው ፈንታ «እኔ» እያለች የኖረች ሴት ናት። የሱዳኑ ነጋዴ በዓረብኛ «እኔ ከቅዳሜ በፊት ዕቃውን አላደርስም» ካለ፣ እሷም ወደ አማርኛ መልሳ «እኔ ከቅዳሜ በፊት ዕቃውን አላደርስም» ትላለች። የኮኪቱ ገበሬ «ሰሊጤ ላይ አፈር ቀላቅዬ ከሆነ ልጆቼን ይንሳኝ» ብሎ ሲምል፣ እሷም በዓረብኛ በልጆቿ ትምላለች፤ ያለቻት ግን አንዲት ልጅ ብቻ ናት። «እሱ እንዲህ ይላል፣ ያኛው እንዲህ ይመልሳል» እያለ የሚተረጉም ሰው መተማ ዮሐንስ ላይ ሥራ አያገኝም። ነጋዴው የሚፈልገው መሃላቸው ሰው እንደሌለ ሆኖ መነጋገር ነው። አየሁሽ ደግሞ እንደሌለች መሆኑን ታውቅበታለች።

ተወልዳ ያደገችው ኮኪት ነው። ወላጆቿ ከደጋ ወርደው የሰፈሩ ገበሬዎች ነበሩ። ስድስተኛ ክፍልን ጨርሳ ሰባተኛ ልትገባ ስትል አባቷን ካላዛር የሚሉት በሽታ አልጋ ላይ ጣለው። በዚያው ዓመት ከድንበሩ ማዶ፣ ሱዳን ጋላባት፣ አንድ የእህል ነጋዴ ቤት ዕቃ አጣቢ ሆና ገባች። ድንበር ማለት ለእሷ አንዲት ድልድይ ነበረች፤ ጠዋት ትሻገራለች፣ ማታ ትመለሳለች። የነጋዴው ልጆች ጥላ ሥር ተቀምጠው ሎሕ በሚሉት የእንጨት ሰሌዳ ላይ የዓረብኛ ፊደል ሲቆጥሩ፣ እሷም ድስት እየፈተገች አብራ ትቆጥር ነበር። መምህራቸው አንድ ቀን «ይህች ሐበሻ ከእናንተ ትሻላለች» ብሎ ልጆቹን ገረፋቸው፤ ልጆቹ በተራቸው እሷን በድንጋይ አሳደዷት። ትምህርት ሲባል የምታስታውሰው ይህን ነው።

ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ሲቃረብ፣ ጉምሩክ አጠገብ ካለ ራኩባ፣ የሣር ዳስ፣ ጥላ ሥር አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር አኖረች። የትርጉምና የጽሕፈት አገልግሎት ብላ ንግድ ፈቃድ አወጣች። ፈቃዱን በመስታወት አሠርታ የራኩባው ምሰሶ ላይ ሰቀለችው። ግብሯ ትንሽ ናት፣ የመጨረሻው ዝቅተኛ ደረጃ፤ ሐምሌ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ከፍላ ደረሰኙን ከመስታወቱ ጀርባ ትሰካዋለች። የምትታወቅበት አንድ ጠባይም ነበራት፤ ወረቀት እስከ መጨረሻው መስመር ሳታነብለት ማንንም አታስፈርምም።

«አየሁ፣ በይ ጨርሺልን እንጂ፣ ዝናቡ መጣ!» ይሏታል ነጋዴዎቹ።

«ዝናብ ያባራል፤ ፊርማ አያባራም» ትላቸዋለች ዓይኗን ከወረቀቱ ሳትነቅል።

ከራኩባው ጎን የውቢት ሱቅ ነበረ። ስኳር፣ ሳሙና፣ ዘይት፣ የሱዳን ብስኩት ትሸጣለች። ውቢት ሳቂታ፣ እጇ የማይሳሳ፣ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ውኃ የምታቀርብ ሴት ናት። የአየሁሽ ልጅ ሃይሚ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ያቀፈቻት ውቢት ናት፤ ጥንድ የወርቅ ሎቲም ሰጠቻት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱ ሴቶች በስም ተጠራርተው አያውቁም፤ «አበልጄ» ነው። በዚህ አገር አበልጅ ከእኅት ቢበልጥ እንጂ አያንስም። እኅት ከእኅቷ ትጣላለች፣ ትካሰሳለች። አበልጁን የከሰሰ ሰው ግን ማን አይቶ ያውቃል?

የአየሁሽ ባል ደረበ የትራክተር መካኒክ ነበር። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ላይ ጋራዥ ውስጥ ሥራ አግኝቶ ተሻገረና በዓመቱ «ልጄን ይዘሽ ነይ» ብሎ ላከባት። ሃይሚ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነው። አየሁሽ ፈቃዷን ከምሰሶው አውርዳ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ሄደች።

«የምትሄጂ ከሆነ ፈቃዱን መልሺ» አሏት። «ሳትመልሺ ከሄድሽ እየሠራሽ እንዳለሽ ነው የሚቆጠረው።»

መመለሱ ደግሞ ወደ ንግድ ቢሮ፣ ወደ ገቢዎች፣ እንደገና ወደ ንግድ ቢሮ እያለ ሳምንት ይፈጃል። የምትሄድበት የጭነት መኪና የሚነሣው በነገታው ነው።

«ይህ ነው ያስጨነቀሽ፣ አበልጄ?» አለቻት ውቢት። «እኔ እመልስልሻለሁ። ውክልና ስጪኝ፣ አለቀ።»

ውክልናው ሁለት ገጽ ነበር። ጸሐፊውን ፈልጋ ያጻፈችው ውቢት ናት። የፍትሕ ቢሮ ሠራተኛዋ ወረቀቱን ወደ አየሁሽ ገፋ አድርጋ «አንብቢው» ስትላት፣ ውቢት የሃይሚን እጅ ይዛ አጠገቧ ቆማ ነበር። አየሁሽ የልጇ የክርስትና እናት ፊት ወረቀት መመርመር፣ የሰጠቻትን የገንዘብ መልስ ፊቷ ቆሞ እንደ መቁጠር ሆኖ ታያት። ነውር መሰላት። የሰውን ሁሉ ወረቀት እስከ ታች የምታነብ ሴት፣ የራሷን የመጀመሪያውን መስመር ብቻ አየች። «እኔ አየሁሽ ባፈና» ይላል። ፈረመች።

ገዳሪፍ ስድስት ዓመት ተቀመጠች። ደረበ በሁለተኛው ዓመት ሊቢያ እሄዳለሁ ብሎ ወጣ፤ አንድ ጊዜ ከበረሃው ማዶ ደወለ፣ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። አየሁሽ አልቅሳ አልወጣላትም፤ ለማልቀስም ጊዜ አልነበራትም። ያተረፋት ስልኳ ነው። የመተማ ነጋዴዎች ሱዳናዊ ገዢ ሲመጣባቸው ይደውሉላታል። ስልኩን ጆንያ ላይ አስቀምጠው ድምፁን ከፍ ያደርጉታል፤ እሷ ገዳሪፍ ቤቷ ውስጥ ሽንኩርት እየከተፈች በሁለቱ መካከል «እኔ፣ እኔ» ትላለች። አንዳንዴ ጆንያው ሲነሣ ስልኩ ይወድቃል።

«ኧረ ሰበራችሁኝ!» ትላቸዋለች ከገዳሪፍ። ነጋዴዎቹ በሁለት ቋንቋ ይስቃሉ።

የድካሟን ዋጋ ለውቢት ይሰጡላታል፤ ውቢት በሾፌር ትልክላታለች። ሐምሌ በመጣ ቁጥር አየሁሽ ያችኑ ትጠይቃለች።

«አበልጄ፣ ያን ፈቃድ መለስሽልኝ?»

«አልነገርኩሽም? ተመልሷል። አርፈሽ ሥሪ።»

«ወረቀት ሰጡሽ?»

«ሰጡኝ። ሳጥኔ ውስጥ ነው፤ ስትመጪ ትወስጂዋለሽ።»

እሷም አመነች። ገዳሪፍ ላይ ደግሞ ባለዲያው፣ ማዘጋጃ ቤቱ ማለት ነው፣ በዓመት አንድ ጊዜ ሰው ይልክባታል፤ በቤቷ ሆና የምትሠራ ብሎ መዝግቧታል። ትከፍላለች፤ ሰማያዊ ማኅተም ያለበት ቁራጭ ወረቀት ይሰጧታል። ስድስቱንም በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ አኖረቻቸው። በሐሳቧ ነገሩ ግልጽ ነበር። ሰው የሚገብረው ለተቀመጠበት አገር ነው፤ አንድ ራስ በሁለት አገር አይቆጠርም።

ካርቱም ላይ ጦርነት ከተነሣ በኋላ ገዳሪፍ በተፈናቃይ ሞላች። ኪራዩም ዳቦውም አልቀመስ አለ። አየሁሽ ሃይሚን፣ አንድ ሻንጣና ያን ቆርቆሮ ይዛ በጋላባት በኩል በእግሯ ተመለሰች። ድልድዩ ላይ ፈታሹ ቆርቆሮውን ከፍቶ ወረቀቶቹን አገላበጣቸው።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ግብሬ ነው።»

«ሰው ወርቁን ይዞ ይሸሻል፤ ግብሩን ይዞ የሚሸሽ ዛሬ ገና አየሁ» ብሎ እየሳቀ አሳለፋት።

ወሩ ኅዳር ነበር። ሰሊጡ ታጭዶ ተከምሯል፤ መንገዱን ለማሽላ አጨዳ የቀሩ፣ ማጭዳቸውን በጨርቅ የጠቀለሉ የጎጃምና የወሎ ሠራተኞች ሞልተውታል። የሱዳን ነጋዴ ግን እንደ ድሮው አይመጣም፤ ጆንያ ላይ የሚቀመጥ ስልክም የለም። አየሁሽ አንዲት ክፍል ለአንድ ወር ተከራየች። ሃይሚን ስድስተኛ ክፍል አስገባቻት። በሁለተኛው ሳምንት ወሬ ሰማች፤ ሱዳናውያን ስደተኞች ካሉበት መጠለያ የሚሠራ አንድ ድርጅት አስተርጓሚ ይፈልጋል። ሰኞ ዕለት ሄደች። ፈተኗት፤ ሻይ ለመጠጣት በማይበቃ ጊዜ ውስጥ አለፈች።

«ቋሚ ቅጥር አይደለም» አለቻት የድርጅቱ ሴት። «እንደ ግል ሠራተኛ በውል ነው የምትሠሪው። ስለዚህ ንግድ ፈቃድና ከግብር ዕዳ ነጻ ነሽ የሚል ክሊራንስ ያስፈልጋል። እስከ ዓርብ አምጪ። ዓርብ ካለፈ ቀጥላ ያለችውን እጠራለሁ፤ አትቀየሚኝ።»

አየሁሽ ምን እንደሚጠብቃት ታውቃለች። ያ ወረቀት ከዓርብ በፊት ካልመጣ፣ ወሩ ሲያልቅ ሃይሚን ከትምህርት ቤት አስወጥታ እናትና ልጅ ከደጋ ሰዎች ጋር ማጭድ ማንሣት ነው። እሷም ትምህርቷን ያቆመችው እዚያው ስድስተኛ ክፍል ላይ ነበር።

በዚያው ቀን ገቢዎች ገባች። ለይኩን የሚባል ወጣት ሠራተኛ ተቀበላት። ስሟን ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈና የወጣለትን አነበበ።

«እትዬ፣ ሱቁ እንዴት ነው?» አላት።

«የምን ሱቅ?»

«የሸቀጣ ሸቀጡ።»

«ልጄ፣ እኔ አስተርጓሚ ነኝ። ፈቃዴንም ከስድስት ዓመት በፊት መልሻለሁ።»

ለይኩን ወንበሩን ወደ እሷ ሳብ አደረገ። «ፈቃድዎ ተመልሶ አያውቅም፣ እትዬ። በየዓመቱ ታድሷል፤ ዘንድሮም ሐምሌ ላይ ታድሷል። የሸቀጣ ሸቀጥ ንግድም ተጨምሮበታል። ሽያጩ ስላደገ ከሦስት ዓመት በፊት ደረጃው ከፍ ብሏል። ያለፉት ሁለት ዓመታት ግብር አልተከፈለም፤ ቅጣትና ወለድ አለበት። ሳይከፈል እንዴት እንደታደሰ እኔም አልገባኝም።»

«እኔ እኮ እዚህ አልነበርኩም» አለች። ይህን «እኔ» ስትለው ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

«ወኪልዎ ነበሩ። ወይዘሮ ውቢት።»

ለአየሁሽ ነገሩ ቀስ እያለ ነው የገባት። የውቢት ሱቅ ሽያጭ ሁሉ በአንድ ስም ቢመዘገብ ግብሩ ከፍ ይላል፤ ለሁለት ስም ሲከፋፈል ሁለቱም ትንሽ ይመስላሉ። ስድስት ዓመት ሙሉ ግማሹ ስኳር በውቢት ስም፣ ግማሹ በአየሁሽ ስም ሲሸጥ ኖሯል።

ቆርቆሮዋን ከፍታ ሰማያዊ ማኅተም ያለባቸውን ወረቀቶች ዘረጋችለት። «ግብሬንስ የተቀመጥኩበት አገር ከፍያለሁ። ይኸው።»

«በስልክ ሲሠሩ የነበረው ለማን ነው?»

«ለመተማ ሰዎች።»

«የሚከፍሉዎትስ?»

«እነሱው።»

«እንግዲህ ፈቃድዎ እዚህ፣ ደንበኞችዎ እዚህ፣ ክፍያው እዚህ» አለ ለይኩን። «ሱዳን የነበረው ወንበርዎ ብቻ ነው። ሰው ሲሻገር ግብሩ አብሮት አይሻገርም፤ እዚሁ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። እዚያ የከፈሉት ግን በስምዎ ሕጋዊ ደረሰኝ ካለው ሊታሰብልዎ ይችላል።» ወረቀቶቹን አነሣና ገለበጣቸው። «ዓረብኛ ነው። ፈቃድ ባለው አስተርጓሚ ይተርጎም።»

«በከተማው ማን አለ?»

ለይኩን ፈለገ። «አንድ ሰው ብቻ ነው የተመዘገበው» አለ። ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረላት። «አየሁሽ ባፈና» ይላል።

ሁለቱም ሳቁ። ሲያቆሙም አብረው አቆሙ።

«ወይዘሮ ውቢት መጥተው 'ሸቀጡ የእኔ ነው' ብለው ከፈረሙ፣ እሱ ከእርስዎ ላይ ይነሣል» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የትርጉሙ ግብር ብቻ ይቀራል፤ ያ ደግሞ ቀላል ነው።»

ማክሰኞ ወደ ውቢት ሄደች። ሱቁ ሁለት በር ሆኗል፤ ውስጡ ሁለት ማቀዝቀዣ ቆሟል። ውቢት ስታያት እልል ብላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፣ አለቀሰችም።

«ምን በላሽ፣ አበልጄ! ከሳሽ እኮ! ሃይሚዬስ? ለምን ሳትይዣት መጣሽ?» ወንበር አወጣች፣ ለስላሳ ከፈተች፣ ምሳ ይምጣ አለች። አየሁሽ ጠርሙሱን በእጇ ይዛ ሳትጠጣው ነገሯን ጀመረች።

«መልሻለሁ አልሽኝ።»

«ልመልስ ሄጄ ነበር እኮ! ወረፋው አይጣል። ኋላ ሳስበው፣ ፈቃድ ማውጣት ስንት ጣጣ አለው፣ ስትመጪ እንዳታጪው ብዬ ተውኩት። ለአንቺው ብዬ ነው።»

«ሳሙናውንም ለእኔው ብለሽ ነው የሸጥሽው?»

ውቢት ከት ብላ ሳቀች። «ወይ አንቺ! ምላስሽ ዛሬም ያው ነው።»

«እስከ ዓርብ ነው ጊዜ ያለኝ። ነገ አብረን ሄደን ንገሪያቸው። ሌላ አልጠይቅሽም።»

«እሺ፣ ምን ገዶኝ! ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ በራቸው ላይ እንገናኝ።» ስትሸኛት ለሃይሚ ብላ ብስኩት በላስቲክ ቋጠረችላት።

ረቡዕ አየሁሽ ገቢዎች በር ላይ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ከሁለት ሰዓት ጀምራ ቆመች። ሦስት ሆነ፣ አራት ሆነ። ስትደውል «ራሴን አሞኝ» አለቻት፤ እንደገና ስትደውል ስልኩ አይነሣም። ስድስት ሰዓት ላይ ለይኩን ለምሳ ሲወጣ አያት።

«አልመጡም?»

«ራሷን አሟት ነው።»

ለይኩን መሬት መሬቱን አየ። «ካልመጡ አንድ መንገድ አለ፣ እትዬ። እርስዎ ዕዳው የራሴ ነው ብለው ይፈርማሉ፣ አንድ አራተኛውን አሁን ይከፍላሉ፣ ቀሪውን በየወሩ። ያን ጊዜ ክሊራንሱን እሰጥዎታለሁ። ግን ከፈረሙ በኋላ ወይዘሮ ውቢት ናቸው ማለት አይቻልም።»

ከዚያ ቀጥታ አያ ደሞዝ ቤት ሄደች። አያ ደሞዝ የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው፤ የውቢትንም የእሷንም ሠርግ የባረኩ። ሐሙስ ከሰዓት ሁለት ሽማግሌ ጨምረው ሁለቱን ሴቶች ግቢያቸው ውስጥ አስቀመጧቸው። ውቢት ነጠላዋን አጣፍታ፣ ያንን ውክልና በላስቲክ ይዛ መጣች።

«ያለ ወረቀት የሠራሁት ነገር የለም፣ አያ ደሞዝ። አንቱ ያንብቡት።»

«እኔ ዓይኔ ደክሟል» አሉ አያ ደሞዝ። «አየሁሽ ታንብበው፤ ማንበብ ሥራዋ ነው።»

አየሁሽ ተቀብላ በለመደችው የአስተርጓሚ ድምፅ፣ ሳትፈጥን ሳትዘገይ አነበበች። «እኔ አየሁሽ ባፈና፣ በስሜ የወጣውን ንግድ ፈቃድ እንድታድስ፣ እንድትመልስ፣ የንግድ ዘርፍ እንድትጨምርበት፣ በስሜ እንድትገዛ፣ እንድትሸጥ፣ እንድትነግድ፣ በማንኛውም መሥሪያ ቤት ቀርባ እንድትፈርም ሙሉ ሥልጣን ሰጥቻለሁ።» የሌላ ሰው ቃል ይመስል ነበር። ከታች ወዳለው ፊርማ ስትደርስ ወረቀቱን አወረደች።

«ፊርማው ያንቺ ነው?» አሉ አያ ደሞዝ።

«የእኔ ነው።»

«አንብበሽው ነበር?»

«አላነበብኩትም።»

«አንቺ? ሰውን ሁሉ አንብብ የምትዪው አንቺ? ለምን?»

አየሁሽ ወደ ውቢት ዞረች። «አበልጄ ናት ብዬ» አለች።

ውቢት ቀና ብላ አላየቻትም። አያ ደሞዝ ከዘራቸውን ሁለት ሦስት ጊዜ መሬት ላይ አሽከረከሩ።

«ውቢት፣ ወረቀቱ ፈቅዶልሻል። እግዜር ግን የፈቀደልሽ አይመስለኝም። ሄደሽ እውነቱን ትነግሪያለሽ?»

ውቢት ማልቀስ ጀመረች፤ የእውነቷን ነበር። «ይህን ከተናገርኩ የስድስት ዓመቱ ሽያጭ ሁሉ እኔ ላይ ይደረባል። ሱቄ ይታሸጋል። ልጆቼን በምን ላሳድግ? እስኪ አንቱ ይፍረዱ!»

ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ። አበልጅ ከአበልጅ አይካሰስም አሉ። አየሁሽ ዕዳውን በስሟ ትቀበል፤ ውቢት ደግሞ ያንን አንድ አራተኛ ነገ ጠዋት ትስጥ፣ ቀሪውንም በየወሩ ታግዛት። ውቢት ተነሥታ የሦስቱንም ጉልበት ሳመች። አየሁሽንም አቅፋ ሳመቻት፤ እንባዋ ጉንጯን አረጠባት።

«ነገ ከትምህርት ቤት በፊት ሃይሚን ላኪልኝ፤ በእጇ እሰጣታለሁ» አለች።

ዓርብ ጠዋት ሃይሚ የደንብ ልብሷን ለብሳ ሄደች፤ ብዙም ሳትቆይ ተመለሰች።

«እማ፣ ዝግ ነው። ጎረቤቷ 'ጎሕ ሳይቀድ በሚኒባስ ሸሕዲ ሄዳለች፣ ዕቃ ልታመጣ' አለችኝ።»

አየሁሽ ደወለች። ስልኩ ዝግ ነው። እንደገና ደወለች፤ ሦስተኛ ጊዜ አልደወለችም። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ልጇን ወደ ራሷ ጠራቻት።

«ሎቲውን አውልቂ» አለቻት።

«የክርስትና እናቴ የሰጠችኝን?»

«አዎ፣ እሷ የሰጠችሽን። በእሱ ትክፈል።»

ወርቅ ቤቱ ሎቲውን መዝኖ ገዛ። ከገዳሪፍ ቋጥራ ካመጣችው ጋር ተጨማምሮ አንድ አራተኛውን ሞላ። ገቢዎች ስትደርስ ወረፋው እስከ በሩ ነበር። ለይኩን የስምምነቱን ወረቀት አዘጋጅቶ ሊሰጣት ሲል ተወው።

«እነዚያን ደረሰኞች አሁን በቃል ይንገሩኝ። ስምዎ ካለበት 'በኋላ ተተርጉሞ ይቀርባል' ብዬ ከማመልከቻው ጋር አያይዘዋለሁ፤ የትርጉሙ ግብር ሊቀነስልዎ ይችላል። እዚህ ጋ ያለው ስሙ ነው አይደል? ምን ይላል?»

አየሁሽ ወረቀቱን አየች። ገዳሪፍ ላይ አየሁሽ ብሎ የጠራት ሰው አልነበረም። በዚያ አገር ሴት በልጇ ስም ትጠራለች፤ የባለዲያው ሰውም ስሟን ሳይጠይቅ ጎረቤት እንደጠራት ጽፎ ነበር። ያኔ ደስ ብሏት ነበር። ለይኩን ዓረብኛ አያነብም፤ ብዕሩን ይዞ አፍ አፏን ያያል። አንድ ቃል ብቻ መናገር ነው። ግን ወረቀት ፊቷ ሲቀመጥ ያለውን እንጂ ሌላ ማለት አልለመደችም።

«ኡም ሃይሚ ይላል» አለች። «የሃይሚ እናት ማለት ነው።»

«የእርስዎን ስም አይልም?»

«አይልም።»

«አንዱም ላይ?»

ስድስቱንም አንድ በአንድ አየቻቸው። «አንዱም ላይ።»

ለይኩን ብዕሩን አስቀመጠ። ደረሰኞቹን አስተካክሎ ራሱ ቆርቆሮው ውስጥ መለሰላትና የስምምነቱን ወረቀት ሰጣት። «እኔ አየሁሽ ባፈና፣ በስሜ የተካሄደውን ንግድ ሁሉ እኔ ያካሄድኩት መሆኑን አምኜ» ብሎ ይጀምራል። አየሁሽ ማንበብ ጀመረች። የመጀመሪያውን ገጽ ጨርሳ ወደ ሁለተኛው ገለበጠች።

«እትዬ፣ ኧረ ወረፋ አለ!» አለ ከኋላዋ አንድ ሹፌር። «መጽሐፍ ነው እንዴ የምታነብቢው?»

እስከ መጨረሻው መስመር አነበበች። ሐሰት መሆኑን እያወቀች፣ ቃሉን ሁሉ እያወቀች ፈረመች።

ክሊራንሱንና የፈቃዷን ቅጂ እንደያዘች ወደ ፍትሕ ቢሮ ሄዳ ውክልናውን አሻረች። ጸሐፊዋ «ምክንያቱን ምን ልበል?» ብላ ጠየቀቻት።

«ሰጪዋ ስለተመለሰች በይ» አለቻት።

ለድርጅቱ ሴት ወረቀቶቹን ያስረከበችው ቢሮው ሊዘጋ ሲል ነው። ሴትዮዋ አየቻቸው፣ ፎቶ ኮፒ አደረገቻቸው፣ «ሰኞ አንድ ሰዓት መኪናው ይወስድሻል» አለቻት። በቃ።

ሰኞ ጠዋት እናትና ልጅ አብረው ወጡ፤ አንዷ ወደ መኪናው፣ አንዷ ወደ ትምህርት ቤት። መንገዳቸው በውቢት ሱቅ በኩል ነው። ውቢት ከሸሕዲ ያስመጣቻቸውን ካርቶኖች በር ላይ ትቆጥር ነበር። ስታያቸው እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ምንም እንዳልሆነ ብድግ አለች።

«አበልጄ! ስልኬ ባትሪው አልቆብኝ እኮ... ነይ፣ ሃይሚዬ፣ ሳሚኝ!» ልጅቷን ሳብ አድርጋ ጉንጯን ሳመችና ጆሮዋን አየች። «ሎቲሽ የት አለ?»

«ግብርሽን ከፈልንበት» አለች ሃይሚ።

ውቢት እጇ ሃይሚ ትከሻ ላይ እንዳለ ቀረ። ወደ አየሁሽ ቀና አለች፤ አንድ ነገር እንድትላት የምትጠብቅ ትመስል ነበር። ስድብ ቢሆን መልስ ነበራት፤ ለቅሶም ቢሆን ታባብላት ነበር።

አየሁሽ ቦርሳዋን ወደ ትከሻዋ ሰቀለች።

«ደኅና አደርሽ፣ ውቢት» አለቻትና መንገዷን ቀጠለች።